አልመጣም ያለው ላቀው

ጎሽ ሜዳ ሚካኤል፣ ቡሬ
ግንቦት ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ ለተስፋው፤ አዲስ አበባ።

እንደምን ሰነበትህልኝ? በእኛ በኩል ክፉ ነገር የለም። እናትህ ሀብትነሽ ጉልበቷን ከሚቆረጥማት በቀር ደኅና ናት። ዝናቡም ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቶ በቆሎው ተዘርቷል። እኔ ግን ጤናዬ ደኅና ሆኖ ሐሳቤ ታሟል። ይህን ደብዳቤ ከጀመርሁት ሰንብቷል፤ እየጻፍሁ ስቀድ፣ እየጻፍሁ ስቀድ እናትህ አይታ "ወረቀቱን ጨረሱት እኮ! ዝም ብለው እንደሆነው አድርገው ይጻፉለት" አለችኝ። ስለዚህ እንደሆነው እጽፍልሃለሁ። አንተም እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትናደድ፤ ጨርሰህ ተናደድ።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ አሜሪካን አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ "ና ተማር" ብሎህ ነበር፤ እኔ ደግሞ "አልመጣም" ብዬ መለስሁልህ።

እንዴት እንደዚህ ይሆናል ትል ይሆናል። እኔም እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርልህ።

መጋቢት ላይ ቡሬ ገበያ ወጥቼ ሳለ የትምህርት ቤቱ መምህር ገብረ ሕይወት አስጠራኝና "አያ ላቀው፣ ካሜሪካን ደብዳቤ መጥቶልዎታል" አለኝ። መጀመሪያ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ፖስታውን አሳየኝ፤ በላዩ "ሚስተር ላቀው፣ ቡሬ፣ ጎጃም" ይላል። ከስሜ ፊት አንዲት ፊደል ብቻዋን ቆማለች፤ ምንድን ናት ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና "የማዕረግ ትሆናለች" አለኝ። ማዕረግ ሲባል ደግሞ ማን ይጠላል?

ቀዶ አነበበልኝ። "ውድ ሚስተር ላቀው፤ ማመልከቻህን መርምረን በመጪው መስከረም ከእኛ ዘንድ መጥተህ እንድትማር የተቀበልንህ መሆናችንን ስንገልጽልህ ደስ ይለናል። ይልቁንም ስለ አባትህ የጻፍኸውን አንብበን ልባችን ተነክቷል" ይላል። የቀረው ስለ መኝታ ቤትና ስለ ሐኪም ምርመራ ነው ብሎ አለፈው።

ማመልከቻ ሲል አልደነገጥሁም። የርስቱን ክርክር ታውቀዋለህ፤ በዕድሜዬ ያላመለከትሁበት መሥሪያ ቤት የለም። አንዱ ማመልከቻዬ መንገድ ስቶ አሜሪካን ደርሶ ይሆን? ብዬ አሰብሁ። በኋላ ግን ሚስተር ዳን ትዝ አለኝ።

ስለ ሚስተር ዳን አልጻፍሁልህም። አንተ አዲስ አበባ ከሄድህ ወዲህ የሰላም ጓድ ከሚሏቸው ረጃጅም የአሜሪካን ልጆች አንዱ ሳይንስ ሊያስተምር ቡሬ መጥቶ ነበር። አማርኛ ማንበብ አማረውና "የቄስ ትምህርት የተማረ ገበሬ አለ" ብለው ወደ እኔ ላኩት። አባቴ ወልደ ዮሐንስ ሲሞቱ ቅኔውን ከመንገድ ትቼ ሞፈር እንደጨበጥሁ አንተም ታውቃለህ፤ ፊደል ለማስቆጠር ግን አላንስም። ሀሁን አስጨረስሁት። አቡጊዳ ላይ ሲደነቃቀፍ መደቡን በአርጩሜ ስመታው እሱ ይስቃል። ሲሰናበተኝም "አያ ላቀው፣ እርስዎ ከእኛ ዩኒቨርሲቲ መምህሮች ይበልጣሉ፤ አገሬ ስገባ እነግርልዎታለሁ" ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ አንተው ፍረደኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከተለየኝ በኋላ "ና" የሚል ደብዳቤ በስሜ ቢመጣ ማን ልኮት ነው እላለሁ? ስለ አባቴም አሟሟት አጫውቼው ነበር፤ "ስለ አባትህ የጻፍኸው" የሚለውን እሱ በእኔ ስም ጽፎልኝ ነው ብዬ ገመትሁ።

ቤት ገብቼ ለእናትህ ስነግራት "ለልጄ እንዳይሆን?" አለች።

"ስሙ የማን ነው?" አልኋት።

"የእርስዎ ነው" አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተስፋው፤ ደስ ብሎኝ ሰነበተ። ከበሬዎቹ ኋላ ስሄድ የተውሁት ቅኔ ባፌ ሲመላለስ እሰማዋለሁ። ሞፈሩን አቁሜ የቅኔውን ቤት ልሞላው ስታገል በሬዎቹ ዞረው ያዩኛል። በዚህ ዕድሜዬ የሚፈልገኝ ትምህርት ቤት አለ ማለት እንዴት ያለ ነገር መሰለህ! ጫማም ገዛሁ። ጠቦኝ አሁን ከአልጋ ሥር ተቀምጧል።

የሚካኤል ማኅበራችን ዕለት ነገሩን አወጣሁት። ተራው የጎረቤታችን የእህል ነጋዴው የባዬ ነበር። የነፍስ አባታችን አባ ሃይለ ሚካኤል ሰምተው ሲያበቁ "ለመሆኑ እዚያ ተማሪ ምን ይበላል?" ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው የቆሎ ተማሪ ሳሉ ውሻ የነከሳቸው ጠባሳ ዛሬም ባታቸው ላይ አለ።

"እንጃ አባ፣ እሱን አላነበበልኝም" አልሁ።

ባዬ ምን ጊዜም አያልፈኝም። "አንተ ላቀው፣ በስተርጅና አኩፋዳ አንጠልጥለህ 'በእንተ ስማ ለማርያም' ልትል ነዋ! የአሜሪካን ሴት እንደሁ በእንተ ስማን አታውቀው፤ ውሻዋን ነው የምትለቅብህ" አለና ማኅበሩን ሁሉ በሳቅ ገደለው። እኔም ሳቅሁ።

አባ ሃይለ ሚካኤል ግን አልሳቁም። "ልጄ ላቀው፣ ጾሙስ ይሁን፤ በልብህም ትጾማለህ። ድንገት እዚያ ብትሞት ግን ማን ይፈታሃል?" አሉኝ። ይቺ ነገር ከበደችኝ። እናትህን ማን ይይዛታል፣ የርስቱን ቀጠሮ ማን ይቆምልኛል የሚለውም ተጨመረበትና "አልሄድም" አልሁ። ሁሉም "ደግ አደረግህ" አሉኝ። እኔ ግን ያን ቀን ጠላውም አልጣመኝ።

በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ሄጄ እኔ እየነገርሁት እሱ በእንግሊዝኛ ጻፈው። ቃሉ ይህ ነበር፦ "ስለጠራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነገር ግን እኔ ላቀው ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ክርክርም አለብኝ፤ አልመጣም። ወንበሬ ባዶ ከሚሆን፣ አዲስ አበባ ተስፋው የሚባል ልጅ አለኝ፤ ቋንቋችሁን ያውቃልና እሱን ውሰዱት።"

አየህልኝ? ወንበርህን ነጥቄህ መልሼ ለአንተው ለመንሁልህ።

ያኔ ለምን አልጻፉልኝም ካልኸኝ፣ ሳታስበው ከባሕር ማዶ ሲጠሩህ ደንግጠህ "ማን ነገራቸው?" እንድትል ፈልጌ ነበር። አባትህ ባልታሰበ ቦታ ሰው እንዳለው እንድታይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስሁት የአንተን ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መምህሩን ሁለተኛውን ደብዳቤ ይዞ እቤታችን በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። "ውድ ሚስተር ላቀው፤ እንደማትመጣ በመስማታችን አዝነናል" ሲል እናትህ አንገቷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ግን ንባቡን አቆመና ደግሞ ከላይ ጀመረው።

"ምን ይላል?" አልሁት።

"አያ ላቀው፣ 'አዲስ አበባ ልጅ አለኝ ማለትህ ግራ አጋብቶናል። ባመለከትኸው ላይ ዕድሜዬ ሃያ ነው፣ ሚስትም አላገባሁም ብለሃልና' ይላል።"

እናትህ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። "ሃያ ዓመት?" አለች። "አላገባሁም?" አለች። እኔ ምን ልበል? በሚካኤል ስም እንዲህ ያለ ነገር ካፌ አልወጣም ብዬ ማልሁላት። መምህሩ ላብ በላብ ሆኖ ማንበቡን ቀጠለ። "ልጅህ መማር ከፈለገ በራሱ ያመልክት፤ የዘንድሮው ማመልከቻ ግን ጊዜው አልፏል። አንተ ሐሳብህን ከለወጥህ ወንበርህን እስከ ሰኔ ሃያ ሦስት (መምህሩ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶት ነው) እናቆይልሃለን፤ ከዚያ ለሌላ እንሰጠዋለን። ከማመልከቻህ ጋር የላክኸውን ፎቶግራፍ እነሆ ልከንልሃል፤ በዚህ ላይ ያለው አንተ ነህ ወይስ ልጅህ? እባክህ አስረዳን።"

ፎቶግራፍ የሚባል ተነሥቼ አላውቅም። መምህሩ ፖስታውን ሲያራግፈው ትንሿ ካርቶን መሬት ወደቀች። እናትህ ቀድማ አነሣቻት። አየቻትና ለእኔ ሰጠችኝ።

አንተ ነህ። ክራባት አስረሃል። ጉንጭህ ጎድጉዷል፤ በደንብ አትበላም ማለት ነው። ዓይንህ ግን እዚህ ሳለህ "አባባ፣ እኔ አላርስም" ብለህ ያየኸኝ ያው ዓይን ነው። ከመደቡ ላይ ተቀመጥሁ። መምህሩም "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ያቺን ፊደል ማዕረግ ናት ያልሁ፤ ለካ የተስፋው መጀመሪያ ናት" እያለ ሲለምነኝ ሊያለቅስ ደረሰ። ልጅ ነው፤ አልተቆጣሁትም። እናትህ "ለልጄ እንዳይሆን" ስትል በስሙ ተመክቼ ያልሰማሁ እኔ ነኝ።

ግን ደብዳቤው የአንተ ከሆነ "ላቀው" ብለው የሚጠሩህ ለምንድን ነው? መምህሩም በደንብ ሊያስረዳኝ አልቻለም። ለርስቱ ቀጠሮ ፍኖተ ሰላም (እኔ አሁንም በድሮ ስሟ ወጀት ማለቱን አልተውሁም) ስወጣ ከችሎት ደጅ ሀምሳ አለቃ ሀይሉን አገኘሁት። ኮርያ የዘመተው ሀይሉ፤ ወሬው ሁሉ ኮርያ ስለሆነ ሲያዩት ሰው የሚሸሸው። እኔ ያን ዕለት ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"የነሱ ልማድ እንደዚያ ነው" አለኝ እየሳቀ። "ሰውን ባባቱ ስም ነው የሚጠሩ። እኔ ኮርያ ሳለሁ 'ገብረሰንበት! ገብረሰንበት!' እያለ አንድ አሜሪካን ሲጮኽ፣ አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ የዘመተ መስሎኝ ዘወር ዘወር እል ነበር። በኋላ ለመድሁት። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያባቴን ስም ቤት ውስጥም እንዲያ ደጋግሞ የጠራው የለ።"

ገባኝ ብዬ ተነሣሁ፤ መንገድ ላይ ደግሞ ጠፋኝ። አባትየውን ጠርተው ልጅየው አቤት የሚል ከሆነ አባትየውን ሲፈልጉ ማንን ይጠራሉ? ሁለት ወንድማማች አንድ ክፍል ቢማሩ መምህሩ በምን ይለያቸዋል? አንዱ ቢያጠፋ አርጩሜው ለማን ነው? ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ካገኘህ ጠይቅልኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ተስፋው ብላ ያወጣችልህ እናትህ ናት፤ ከአንተ በፊት የወለድናቸውን ቀብረን፣ አንተ ስትጸና ያወጣችው ስም ነው። እዚያ እሱን የሚጠራው ከሌለ የት ይቀመጣል? ለእናትህ ይህን ስነግራት "እንግዲያው ቢታመም ማን ብለው ያስታምሙታል?" አለችኝ።

ሌላም ያልገባኝ አለ። አሜሪካኖቹ ቤትህ የት ነው ቢሉህ የእኔን ቤት ጻፍህላቸው። ለእኔ ግን ላመለክት ነው አላልኸኝም። ስንለያይ መልካም አለመለያየታችንን አውቃለሁ፤ አውቶቡሱ ድረስ አልሸኘሁህም። ስለዚያ ይሆን? ወይስ አይሆንም ይለኛል ብለህ ይሆን? ብትነግረኝ አይሆንም እል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁት፤ እሱንም አላውቀውም።

ደግሞ "ስለ አባትህ የጻፍኸው" ያሉት። ያ አባት እኔ ነኛ። መምህሩን ደጋግሜ አስነበብሁት፤ ልባችን ተነካ ይላል እንጂ ምን እንደጻፍህ አይናገርም። ምን ብለህ ጻፍህ? እረስ አለኝ፣ አላስተምር አለኝ ብለህ ከሆነ እውነት ነው፤ አልቀየምህም። ደግ ደጉን ጽፈህ ከሆነ ግን ልጄ፣ ለማያውቁኝ ሰዎች ከምትነግራቸው ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ከዚያ ቀን ወዲህ በሬ እየነዳሁም፣ ችሎት ተቀምጬም የማስበው ይህንኑ ነው።

አሁን የምታደርገውን ስማኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአሜሪካኖቹን ሁለቱንም ደብዳቤና ፎቶግራፉን ልኬልሃለሁ። ሌላም ወረቀት አለበት። እሱን ሽማግሌ አስቀምጬ፣ እንደ ደንቡ ምስክር አቁሜ አጻፍሁት። እንዲህ ይላል፦ "እኔ ላቀው ወልደ ዮሐንስ፣ የጎሽ ሜዳ ባላገር፣ ከዚህ ቀደም አልመጣም ያልሁት እኔ ነኝ እንጂ እናንተ የጠራችሁት ላቀው አይደለም። የጠራችሁት ላቀው ልጄ ተስፋው ነው፤ በፎቶግራፉ ላይ ያለውም እሱ ነው። ሚስት አላገባም። እሱ ይመጣል።" አባ ሃይለ ሚካኤል የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም አደረጉበት፤ ባዬም ዋስ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። ያን ዕለት አልቀለደም። መምህሩ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው "ዋስ እንኳ አያስፈልጋቸውም" ቢለኝ፣ "ያለ ዋስ ሰው የሚያምን ዳኛ የት አየህ?" ብዬ አስጻፍሁት። ይዘኸው እዚያው አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካኖቹ ኤምባሲ ዛሬውኑ ሂድ። በቴሌግራም እንዲነግሩልህ ለምናቸው። ሰኔ ሃያ ሦስት ሩቅ አይደለም፤ ፖስታው እንዳይዘገይ ባዬ እህል ጭኖ ሲወርድ ካለህበት መሥሪያ ቤት ድረስ በእጁ ያመጣልሃል።

ጊዜው አልፏል ካሉህ ጥፋቱ የእኔ ነው። መጥተህ በፊቴ ተናገረኝ፤ እሰማሃለሁ። እርሻ ግባ ብዬም ከእንግዲህ አልናገርህም።

እሺ ካሉህ ግን ሌላ ነው። እናትህ "ሳላየው እንዳይሄድ፣ መጥቶ ይሰናበተን ብለው ይጻፉለት" ብላኛለች፤ ይኸው ቃሏን ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። እኔ ደግሞ አትምጣ እልሃለሁ። እሷ ታለቅሳለች፣ ስንቅህን ትቋጥራለች፣ ትለቅሃለች። ለእሷ አልሰጋም። አንድ ጊዜ ሳላውቅ አልመጣም ብዬልሃለሁ። እዚህ ደጃፌ ላይ ቆመህ ካየሁህ ግን፣ አውቄ አትሄድም እንዳልልህ እፈራለሁ።

የጎሽ ሜዳው ሚካኤል በማላውቀው መንገድ ሁሉ ቀድሞህ ይሂድ። ከክፉ ባልንጀራ፣ ከክፉ በሽታ ይሰውርህ። በየትኛውም ስም ቢጠሩህ በበጎ ይጥሩህ።

አባትህ
ላቀው ወልደ ዮሐንስ